መድኃኒቱ መቼ ይውጣ?

ቴክሳስ ውስጥ ከዳላስ-ፎርት ዎርዝ (ዲኤፍደብሊው) አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ ታክኮ ወደ ደቡብ የሚወርደው 360 አውራ ጎዳና ዩለስን አልፎ ግራንድ ፕሬሪ ይገባል። ኒዮስ ቴራፒዩቲክስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የሚሠራው እዚያ፣ መንገዱ ዳር ነበር። ኩባንያው የሚታወቅባቸው አምፌታሚንና ሜቲልፌኒዴት ሐኪሞች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያዝዟቸው የኖሩ አሮጌ መድኃኒቶች ናቸው። የኒዮስ ሙያ መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ በየትኛው ሰዓት ምን ያህሉ እንደሚወጣ መወሰን ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በጥር 2016 አድዜኒስ የተባለውን አምፌታሚን፣ በሰኔ 2017 ደግሞ ኮቴምፕላ የተባለውን ሜቲልፌኒዴት ፈቀደለት፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱም ትኩረት ለሚያጡና ከልክ በላይ ለሚቅበጠበጡ፣ 6 ዓመት ለሞላቸው ልጆች የሚሰጡ ናቸው። እንክብሉ ምላስ ላይ ያለ ውኃ ይሟሟል፤ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ቅንጣቶች ግን እንዳሉ ወደ ሆድ ይወርዳሉ። ከፊሎቹ ወዲያው፣ ከፊሎቹ ሰዓታት ቆይተው መድኃኒቱን ይለቃሉ። ጠዋት ቤቱ የወሰደ ልጅ ለቀን ሁለተኛ ክኒን የትምህርት ቤቱ ነርስ በር ላይ አይቆምም።

ፈዋሽ ንጥረ ነገርን እንዲህ ባለ ረቂቅ ሽፋን ውስጥ የማኖር ጥበብ ማይክሮኢንካፕሱሌሽን ይባላል። ቅንጣቶቹ ባብዛኛው ከ1 እስከ 1000 ማይክሮን ናቸው፤ ከ1 ማይክሮን በታች የወረደው ናኖ በሚለው ስም ይጠራል። በጉዳዩ ላይ በየዓመቱ የሚታተመው ጥናት ስፍር ቁጥር የለውም፤ ከዚያ ሁሉ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የደረሰው ጥቂት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ከምን መጣ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ሌላ ይመስለኛል። ሽፋን መሥራት የመመረቂያ ጽሑፍ ሥራ ነው፤ መቶ ሚሊዮነኛው ቅንጣት ከመጀመሪያው እንዳይለይ ማድረግ ደግሞ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ እና ይህኛውን ጥናቶቹ እምብዛም አያነሡትም።

በአሠራር ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። በአንደኛው መድኃኒቱ መሐል ላይ ይቀመጥና ዙሪያውን ሽፋን ይለብሳል። በሁለተኛው፣ ድፎ ዳቦ ውስጥ እንደተበተነ ጥቁር አዝሙድ፣ መድኃኒቱ በመላው ቅንጣት ይሰራጫል። የመጀመሪያው አደጋው ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ሁሉም በአንዴ መፍሰሱ ነው። በሁለተኛው ላይ ላዩ ያለው ቶሎ ይወጣል፣ የውስጠኛው እያደር እየዘገየ ይሄዳል። ታኬሩ ሂጉቺ በ1961 ባወጣው ቀመር የወጣውን መጠን ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር አያይዞታል፤ የወጣው በእጥፍ እንዲጨምር ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው። መጠንም ወሳኝ ነው። የቅንጣት ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ ለአንድ ግራም የሚደርሰው የገጽ ስፋት በእጥፍ ይጨምራል፣ ስለዚህ ደቃቁና ትልልቁ የተደባለቀበት ምርት አንዱ ቶሎ ጨርሶ ሌላው ገና የሚጀምርበት ይሆናል።

ኒዮስ የተከተለው መንገድ ከሁለቱም ትንሽ ይለያል፣ ለእኔም ከሁሉ ይልቅ ብልህነቱ የሚታየኝ እርሱ ነው። መነሻው ሬዚን ነው፤ ውኃ ለማጥራት ከሚያገለግለው ጋር አንድ ወገን የሆነ፣ በጀርባው አሉታዊ ኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ፣ የማይሟሟና የማይፈጭ የፕላስቲክ ዱቄት። እንደ አምፌታሚን ያሉ መድኃኒቶች ውኃ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ስለሚይዙ ሬዚኑ ላይ ይጣበቃሉ። የሚያላቅቃቸው ሌላ አዎንታዊ ሙል ነው፤ ሆድና አንጀት ውስጥ ደግሞ ሶዲየሙም ፖታሲየሙም አሲዱም ሞልቷል። ጨው የሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ሽሮፕ መድኃኒቱን እንደያዘ ወራት ይቆያል፣ ሆድ ሲገባ ይለቃል። በምላስ ላይ የሚያልፍበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ምሬቱም አይሰማም። ፍጥነቱን ለማዘግየት ሬዚኑ ላይ ኤቲልሴሉሎስ የተባለ ቀጭን ሽፋን ይጨመራል፣ ከፊሉን ቅንጣት ደግሞ የሆድ አሲድ የማይፈታው፣ አንጀት ሲደርስ የሚሟሟ ሽፋን ያለብሱታል። ማንም ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው፣ 12 ሰዓት ይይዛል የሚባለው ዴልሲም የሳል ሽሮፕ በዚሁ መርሕ የተሠራ ነው። ጠርሙሱን ሳይንጡ መውሰድ ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ታች በዘቀጡት ቅንጣቶች ላይ ነው።

ይኸው ሬዚን ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ከኒዮስ በፊት ሌላ ታሪክ አለው። አልኮን በ1945 ሮበርት አሌክሳንደርና ዊልያም ኮነር የተባሉ ሁለት ፋርማሲስቶች የመሠረቱት የዓይን መድኃኒት ቤት ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ስም የተቆረጠ ነው። ኩባንያው ለግላኮማ የሚሰጠውን ቤታክሶሎልን በመጀመሪያ ያቀረበው ተራ ጠብታ አድርጎ፣ በ0.5 በመቶ ነበር። መድኃኒቱ የዓይንን ግፊት ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሲጨመር ያቃጥላል። በ1989 መጨረሻ ኤፍዲኤ የፈቀደው ቤቶፕቲክ ኤስ ይህንኑ መድኃኒት ደቃቅ ሬዚን ላይ አጣብቆ፣ ወፈር ባለ ፈሳሽ ውስጥ አንሳፎ ያቀርባል። እንባ ውስጥ ያለው ጨው መድኃኒቱን ቀስ እያለ ያላቅቀዋል። መጠኑ ወደ 0.25 በመቶ ወረደ፣ ግፊቱን የመቀነስ አቅሙ ከ0.5 በመቶው ጋር ተስተካከለ፣ ማቃጠሉም ቀነሰ። ግላኮማ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ቀድሞ የሚጀምርና በርትቶ የሚታይ፣ እስኪያሳውር ድረስ ግን ሕመም የማይሰማበት በሽታ ነው። ምንም የማያመውን ሰው በየቀኑ የሚያቃጥል ጠብታ ጨምር ማለት ከባድ ነው። ጠብታው ባያቃጥል ሰውየው ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ የሽፋን ሥራ ጥቅሙ በግልጽ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

የዚህ ሁሉ አያት መድኃኒት አልነበረም። ኦሃዮ ዴይተን የነበረው የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ኩባንያ ኤንሲአር ካርቦን ወረቀት የማያስፈልገው ደረሰኝ ፈልጎ ነበር። ባሬት ግሪን የተባለው ኬሚስት ቀለም የያዙ የዘይት ጠብታዎችን በጄላቲንና በግራር ሙጫ ሽፋን ከበባቸው፤ እስክርቢቶ ሲጫናቸው ይፈነዱና ታችኛው ወረቀት ላይ ይታተማሉ። ወረቀቱ በ1954 ገበያ ላይ ዋለ፣ የፈጠራ መብቱም በ1957 ተሰጠ። ጄላቲኑ በአሲድ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ይይዛል፣ ሙጫው አሉታዊ ነው፤ ሁለቱ ተሳስበው ከውኃው ይለዩና በየጠብታው ዙሪያ ይደርቃሉ። ኢትዮጵያ ከቦረናና ከሶማሌ ክልል ቆላዎች ሰብስባ በጥሬው ወደ ውጭ የምትልከው የግራር ሙጫ ከዚህኛው ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ዛሬም ምግብና ሽቶ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ይህንኑ ጥንድ ይጠቀማሉ።

በመድኃኒቱ በኩል ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች በ1952 ስፓንሱል የተባለውን ካፕሱል አወጣ። በአንድ ካፕሱል ውስጥ ውፍረቱ የተለያየ ሰም የለበሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፍሬዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ያዘለውም ዴክሴድሪን፣ ማለትም የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ከግራንድ ፕሬሪው ምርት ጋር ያላቸው ርቀት ከ60 ዓመት በላይ ነው፣ ችግሩ ግን ያው የጠዋትና የከሰዓት ችግር ነው። በ1964 ጁዳ ፎክማንና ዴቪድ ሎንግ መድኃኒት በሲሊኮን ላስቲክ ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያለ ማለፍ እንደሚችል አሳዩ፤ የክንድ ውስጥ የወሊድ መከላከያ የተወለደው ከዚያ ነው። በ1976 ሮበርት ላንገር ከፎክማን ጋር ሆኖ እንደ ፕሮቲን ያሉ ግዙፍ ሞለኪሎች ሳይቀሩ ከፖሊመር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሊወጡ እንደሚችሉ ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተመ። ብዙዎች አላመኑትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአብዛኛው የአንድ ፖሊመር ታሪክ ነው። ፒኤልጂኤ ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ የተሠራ ሲሆን የሚሟሟ የቀዶ ጥገና ክር ከሚሠራበት ቤተሰብ ነው። ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ እየቆራረጠ ወደ ሁለቱ አሲዶች ይመልሰዋል፣ እነርሱም መጨረሻ ላይ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነው ይወጣሉ። ላክቲኩ ሲበዛ ይዘገያል፣ ግላይኮሊኩ ሲጨመር ይፈጥናል፤ ሳምንትን ወር፣ ወርን ሦስት ወር ማድረግ የሚቻለው በዚህ ነው። በ1989 ኤፍዲኤ የፈቀደው ሉፕሮን ዲፖ ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠውን ሆርሞን በወር አንድ መርፌ አደረገው። የጃፓኑ ታኬዳ ባለሙያዎች ለዚህ የተጠቀሙበት ዘዴ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚደገመው ነው። መድኃኒቱን በውኃ ያሟሙታል፣ ውኃውን ፖሊመሩ በሟሟበት ዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ይበትኑታል፣ ድብልቁን እንደገና ውኃ ውስጥ ይበትኑታል፣ ከዚያ ማሟሚያው ሲተን ድፍን ቅንጣት ይቀራል። ማሟሚያው ብዙ ጊዜ ዳይክሎሮሜቴን ነው፤ በመድኃኒት ውስጥ ሊቀር የሚፈቀደው በዓለም አቀፉ መመሪያ ከ600 ፒፒኤም አይበልጥም።

ዘዴው ሲነበብ ቀላል ነው፤ በተግባር ግን እያንዳንዱ ደረጃ ወጥመድ አለው። መበጥበጫው ትንሽ ከፈጠነ ቅንጣቱ ያንሳል። ማሟሚያው ቶሎ ከተነነ ቅንጣቱ ቀዳዳ ይበዛበታል፣ ቀዳዳ ከበዛ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ብዙ መድኃኒት ይፈሳል። ፖሊመሩ ሲፈርስ የሚፈጥረው አሲድ ቅንጣቱ ውስጥ ታምቆ ፕሮቲንን ሊያበላሽ ይችላል። ኑትሮፒን ዲፖ የተባለው የዕድገት ሆርሞን በ1999 ተፈቅዶ፣ በየቀኑ መርፌ ለሚወጉ ልጆች ትልቅ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በ2004 ጄነንቴክና አልከርምስ ማምረቱንና መሸጡን አቆሙ፤ የሰጡት ምክንያት ምርቱ የሚጠይቀው ከፍተኛ ጉልበትና ወጪ ነው። ሉፕሮን ዲፖ ከተፈቀደ ከ30 ዓመት በላይ ቢያልፍም የዚህ ዓይነት መርፌዎች ርካሽ አቻ እስካሁን ጥቂት የሆነው ለዚሁ ነው። የሞለኪሉን ቀመር መቅዳት ይቻላል፣ የፋብሪካውን እጅ መቅዳት ግን ሌላ ነገር ነው።

እነዚህ መርፌዎች ሐኪሙም ሕመምተኛውም ሊያውቁት የሚገባ ጠባይ አላቸው። በ2003 የተፈቀደው ሪስፐርዳል ኮንስታ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ዋናው መጠን ከቅንጣቱ መውጣት የሚጀምረው ግን ከመርፌው 3 ሳምንት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ክኒኑ አይቋረጥም። ይህን ያልተነገረው ቤተሰብ መርፌው አልሠራም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ለአልኮል በ2006፣ ለኦፒዮይድ ሱስ በ2010 የተፈቀደው ቪቪትሮል በወር አንዴ 380 ሚሊግራም ናልትሬክሶን ነው። አንዴ ከተወጋ በኋላ መልሶ ማውጣት የለም፤ ከመርፌው በፊት ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ ነጻ መሆን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሁለቱም ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ25 ዲግሪ ሳይበልጥ እስከ 7 ቀን ብቻ ይቆያሉ። የቅንጣታቸው ፖሊመር ፒኤልጂኤ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፣ እርጥበት ከነካው ደግሞ ከዚያም በታች። በዳላስ ነሐሴ የመኪና ኪስ ውስጥ የቀረ ጠርሙስ ሲታይ ደህና ነው፣ ቅንጣቶቹ ግን ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። ወደ ቦሌ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጁ፣ በቅዝቃዜ መያዣ መያዝ አለበት።

በአፍ የሚወሰዱትም ያልታሰበ ነገር ያመጣሉ። ፓላዶን የተባለው የረዥም ሰዓት የሕመም ማስታገሻ በ2005 ከገበያ የወጣው አልኮል ሽፋኑን አሟሙቶ የ24 ሰዓቱን መጠን በአንዴ ሊለቅ እንደሚችል ስለተደረሰበት ነው። ለአረጋውያን ይቀልላቸዋል ብሎ የረዥም ሰዓት ክኒን መፍጨትም ያው አደጋ አለው። እናቶቻችንና አባቶቻችን በሚኖሩባቸው የጋርላንድና የሪቻርድሰን ቤቶች የክኒን መፍጫ ያልተለመደ ዕቃ አይደለም፤ ከመፍጨት በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይበጃል።

በቆዳ መድኃኒት በኩል ይህ የዳላስና የፎርት ዎርዝ አካባቢ የራሱ ድርሻ አለው፣ ፈጠራው ግን የመጣው ከውጭ ነው። የአሜሪካ ጽሕፈት ቤቱ ለረዥም ጊዜ ፎርት ዎርዝ የነበረው ጋልደርማ ሶል-ጄል ከተባለው የእስራኤል ኩባንያ ሁለት ምርቶችን ወስዶ ነበር። በ2021 የተፈቀደው ትዊኒዮ ለብጉር ትሬቲኖይንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን በአንድ ክሬም ያጣምራል። ሁለቱ ቢገናኙ ሁለተኛው አንደኛውን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው በሲሊካ ቅርፊት ተከቷል። በ2022 የተፈቀደው ኤፕሶሌይ ደግሞ ቆዳ በቀላሉ ለሚቆጣባቸው የሮዛሺያ ሕሙማን ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን ቀስ እያለ ያወጣል።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ቀድሞ መሥራታቸው የታወቀ መድኃኒቶች ናቸው። የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ጉዳይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይወላገዳል፣ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። እርድን እንውሰድ። ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ ያልሠራበት በሽታ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ሲበላው ግን ውኃ ውስጥ ስለማይሟሟና ጉበት ቶሎ ስለሚቀይረው ደም ውስጥ የሚደርሰው እዚህ ግባ አይባልም። በ2009 በፎርት ዎርዝ የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ማዕከል የጃምቡር ቪሽዋናታ ቤተ ሙከራ ኩርኩሚንን በፒኤልጂኤ ናኖ ቅንጣት ጠቅልሎ በፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሞከረ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ከዚያ ወዲህም በዓለም ዙሪያ በብዙ መልክ ተደግሟል። በ2017 በመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት የወጣ ግምገማ ግን ከ120 በላይ የሰው ሙከራዎችን አስታውሶ፣ በድርብ ስውርና በማስመሰያ ክኒን ከተካሄዱት አንድም የተሳካ እንደሌለ ጻፈ። ሞለኪሉ ራሱ ብዙ መመርመሪያዎችን የሚያታልል ጠባይ አለው ሲልም አስጠነቀቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በማንኛውም ሽፋን ቢጠቀልሉት ሽፋኑ የሚያሻሽለው ወደ ደም መድረሱን እንጂ መሥራቱን አይደለም።

ልዩነቱን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ክሮፌሌመር ከደቡብ አሜሪካው የክሮቶን ዛፍ ቀይ ፈሳሽ የተለየ ሲሆን በ2012 መጨረሻ ኤፍዲኤ ለኤችአይቪ ሕሙማን ተቅማጥ ፈቅዶታል። የሆድ አሲድ እንዳያበላሸው አንጀት ላይ የሚሟሟ ሽፋን ለብሷል። መጀመሪያ ግን ምን እንደሚሠራ ታወቀ፤ አንጀት ውስጥ ውኃ የሚያስወጡ የክሎራይድ መተላለፊያዎችን እንደሚዘጋ ማለት ነው። ከዚያ ነው ሽፋኑ የተፈለገው። የማሟያ ምርቶች መደርደሪያ ላይ ሊፖሶም፣ ናኖ፣ ማይክሮካፕሱል የሚል የተጻፈባቸው ጠርሙሶች ይህን ቅደም ተከተል ይዘላሉ፤ በ1994ቱ ሕግ መሠረት ከመሸጣቸው በፊት ለኤፍዲኤ ማረጋገጫ ማቅረብ አይጠበቅባቸውም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለስላሳ ካፕሱል ውስጥ ስለተሞላም ማይክሮኢንካፕሱሌሽን አይሆንም፤ ካፕሱሉ ሆድ ውስጥ ሲቀደድ ዘይቱ በአንዴ ይፈስሳል።

ይህን ስል የአገራችንን ዕፅዋት ማናናቄ አይደለም። ጦስኝን የመንዝ ሰው ሻይ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል ጀርም እንደሚገድሉ በደንብ የታወቀ ነው። ችግራቸው መትነናቸው ነው። በግራር ሙጫ አድበልብሎ በሞቃት አየር መርጨት ለእንዲህ ዓይነት ዘይት የተመሰከረለት ዘዴ ነው፣ ለምግብ ማቆያም ለከብት መኖም ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር ከመፈወስ ያነሰ ምኞት ነው፣ ግን የሚደረስበት ነው።

ኢትዮጵያ ለቀስታ ለሚለቅ መድኃኒት እንግዳ አይደለችም። ሦስት ወር የሚቆየው ዲፖ ፕሮቬራ በአገሪቱ ከሁሉም ይልቅ የተለመደ የወሊድ መከላከያ ሆኖ ኖሯል፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሦስት ዓመት የሚሠራውን ኢምፕላኖን ራሳቸው እንዲያስገቡ ሠልጥነዋል። ለአእምሮ ሕሙማን በወር አንዴ ገደማ የሚወጋው ፍሉፈናዚን ዲካኖኤት ዘይት ውስጥ የሟሟ ነው። ከሦስቱ አንዱም ማይክሮካፕሱል የለውም፤ አንዱ በጣም አዝጋሚ ሆኖ የሚሟሟ ክሪስታል፣ አንዱ የፕላስቲክ ዘንግ፣ አንዱ ዘይት ነው። ገጠር ላለች እናት ጥያቄው ሦስት ወር መቆየቱ እንጂ በምን ዘዴ መቆየቱ አይደለም፣ ቀላሉ መንገድ ሲሠራ ቀላሉን መውሰድ ነው።

ማይክሮካፕሱሉ ቀላል መንገድ የሌለበት ቦታ ግን አለ። ጨው አንዱ ነው። የአፍዴራ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 በደንብ ግዴታ ሆኗል። ብረትም አብሮ እንዲጨመር ቢፈለግ ብረቱ ከአዮዲኑ ጋር ተጋጭቶ ያባርረዋል፣ ጨውም ይጠቁራል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሌቨንቴ ዲዮሳዲና ባልደረቦቹ ብረቱን ነጭ ሽፋን አልብሰው የጨው ፍሬ አስመሰሉት፤ ሕንድ ውስጥ ኡታር ፕራዴሽ በመንግሥት ራሽን ጨው ውስጥ ገብቷል። ክትባት ሌላው ነው። በሪቻርድሰን የሚገኘው የዳላስ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጄረማያ ጋሰንስሚዝ ቤተ ሙከራ በፕሮቲንና በቫይረስ ዙሪያ የዚንክ ክሪስታል በማሳደግ ከሙቀት ይከላከላል። በ2021 ባሳተሙት ሥራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣ ባክቴሪያን በዚሁ ክሪስታል ጠቅልለው አይጦች ላይ ሲወጉ ክሪስታሉ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ የመከላከል ምላሹ በርትቷል። አይጥ ላይ ነው፤ ሆኖም ማቀዝቀዣ በሌለበት የጤና ኬላ ስለሚሰጥ ክትባት የሚያስብ ሰው በቅርብ ሊከታተለው የሚገባ ነው። ሦስተኛው የሕፃናት መድኃኒት ምሬት ነው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው። በ2015 ኤፍዲኤ በጊዜያዊነት የፈቀደው፣ የኤችአይቪ መድኃኒቶቹ የሎፒናቪርና የሪቶናቪር ጥቃቅን ፍሬ እናት ካፕሱሉን ከፍታ ምግብ ላይ እንድትነሰንሰው የተሠራ ነው። ግራንድ ፕሬሪ የተሠራበት የሬዚን ዘዴም እዚህ ይገባል፤ ሬዚኑ ርካሽ ነው፣ ማሟሚያው ውኃ ነው፣ እንደ ፒኤልጂኤ መርፌ ከጀርም የጸዳ ክፍል አይፈልግም።

ጥሬ ዕቃውን በተመለከተ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የእንሰት ስታርች ለክኒን ማያያዣና መበተኛ እንደሚሆን አሳይተዋል። በ2020 የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደው የእንሰት ስታርችን በኤፒክሎሮሃይድሪን አቆላልፈው ለአስም የሚሰጠውን ቲዮፊሊን ቀስ አድርጎ የሚለቅ ማይክሮስፊር ሠርተዋል። የቲዮፊሊን ምርጫው ብልህነት ነው፤ የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን የተቀራረቡ ስለሆነ የአወጣጡን ፍጥነት መቆጣጠር ዋጋ አለው። የሚቀረው ሥራ ግን ከተሠራው ይበልጣል። ኤፒክሎሮሃይድሪን ለካንሰር የሚያጋልጥ ኬሚካል ስለሆነ በስታርቹ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር በየምርቱ መለካት አለበት። አዲስ አበባ ያለው የባዮኢኩቫለንስ ማዕከል ሰው ላይ የሚደረገውን የደም መጠን ልኬት ሊሠራ ይችላል፣ ከዚያ በፊት ግን የሚለካ ወጥ ምርት ያስፈልጋል።

ወጥነቱ የሚጀምረው ከማሳው ነው። የእንሰት ስታርች በዝርያው፣ በዕድሜው፣ በአጨማመቁና በማቡካቱ ጊዜ ይለያያል፤ የጉራጌው ከሲዳማው አንድ ላይሆን ይችላል። ቡላ ለገበያ ሲቀርብ ይህ ልዩነት ማንንም አያስጨንቅም። ማይክሮስፊር ለሚሠራ ሰው ግን የስታርቹ ሰንሰለት ርዝመትና የውኃ መጠጣት አቅሙ ሲቀየር የቲዮፊሊኑ ሰዓት አብሮ ይቀየራል። ኒዮስ እንኳ፣ ጥሬ ዕቃውን በተመሰከረ ደረጃ ከኬሚካል አቅራቢ እየገዛ፣ ፋብሪካውን ይዞ አልዘለቀም፤ በ2021 ኤይቱ የተባለ ኩባንያ ከገዛው በኋላ ምርቱ ከግራንድ ፕሬሪ ወጥቶ ለኮንትራት አምራች ተሰጥቷል። የኢትዮጵያው ሥራ ቀዳሚ ወጪ ስለዚህ የሽፋን ማሽን አይመስለኝም። ከአንድ ወረዳ፣ ከአንድ ዝርያ፣ ዕድሜው ከታወቀ ተክል ስታርች እየገዛ፣ በየከረጢቱ አሚሎሱን፣ እርጥበቱንና አመዱን ለክቶ የሚመዘግብ አንድ ቤተ ሙከራ ነው።